ዲ ላይ አስቀምጡት

ሰፈራችን ውስጥ ኮምፒውተር የገባው በሳሎን በኩል ነው። የሥራ ክፍል፣ የጥናት ክፍል የሚባል ነገር ያለው ቤት አልነበረም፤ ስለዚህ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ብፌው ጥግ ላይ ቦታ ተለቀቀለት። ዘመኑ የ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ሰፈሩ ጉለሌ። ኮምፒውተር ያለው ቤት ይታወቅ ነበር። አንዱ ከአሜሪካ በዘመድ የመጣለት ነው፤ አንዱ መሥሪያ ቤቱ አሮጌውን በጨረታ ሲሸጥ የገዛ፤ ሌላው ዕቁብ ሲደርሰው ለልጆቹ ትምህርት ብሎ መርካቶ ወርዶ ያስገጣጠመ። ሳሎን የገባ ዕቃ ሁሉ ደግሞ ዳንቴል ይለብሳል። ኮምፒውተሩም ለበሰ፤ ለሞኒተሩ ሰፋ ያለ፣ ለሲፒዩው ጠበብ ያለ፣ ለኪቦርዱ ረዘም ያለ፣ የቤቱ እመቤት በእጇ የሠራችው፣ በአሚዶ ድርቅ ያለ ዳንቴል።

የሰፈራችን የኮምፒውተር ምክር የሚጀምረው ከዚሁ ዳንቴል ነው። የዚያን ጊዜው ሞኒተር ባለ መስታወት ቱቦ፣ ከኋላው የተቆዘረ ነበር። ሙቀቱ የሚወጣው ከላይና ከኋላ ባሉት ቀጫጭን ሽንቁሮች ነው። ዳንቴሉ እላዩ ላይ እንዳለ ልጆች ከሰዓት ጀምረው እስከ ማታ ሲጫወቱበት ሞኒተሩ ይግላል፤ የጋለ ፕላስቲክ ሽታ ሳሎኑን ይሞላዋል። ይህን ያየ አንድ የሰፈራችን ልጅ የእትዬን የእጅ ሥራ አላጣጣለም። "እትዬ፣ ሲሠራ ይራቆት፣ ሲጠፋ ይልበስ" አላቸው። ነገሩ ከቤት ቤት ዞረ። እውነትም ትክክለኛ ምክር ነበር፤ በበጋ ከኮረኮንቹ የሚነሳው አቧራ የሲፒዩውን ፋን የሚገድል ስለሆነ፣ ማሽኑ ሲጠፋ ዳንቴሉ ጥሩ አድርጎ ይከላከል ነበር።

ይህን ልጅ ሰፈሩ "ኢንጂነሩ" ይለዋል። የተማረው ቴክኒክና ሙያ ሲሆን ትምህርቱም ኤሌክትሪሲቲ ነው፤ ኮምፒውተሩን ግን ከጓደኞቹና ከተበላሹ ማሽኖች ነው የለመደው። ገንዘብ አይጠይቅም። ሲጠራ ይመጣል፤ ቡና ተፈልቶ ይጠብቀዋል፤ እሱም መጀመሪያ እጁን ይታጠባል። ብዙ ባለሙያ አይቻለሁ፤ ከእሱ የሚበልጥ አስተማሪ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ምክንያቱም ጠግኖ ብቻ አይሄድም፤ ለምን እንደተበላሸ የቤቱ ሰው በገዛ አፉ መልሶ እስኪነግረው ድረስ ይቀመጣል።

ማሽን ሳይነካ የሚጠይቀው ጥያቄ ነበረው፤ "ምጣድ የሚሰካው መቼ ነው?"

ሰው ይገረም ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። እኛ ግቢ ውስጥ በአንድ ቆጣሪ ብዙ ቤተሰብ ይኖራል፤ ሽቦው አሮጌ ነው። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን አምፖሉ ይደበዝዛል፤ ስታብላይዘሩ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ኮምፒውተሩም በድንገት ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። ይህንን ቫይረስ ነው ብለው ማሽኑን ተሸክመው ጥገና ቤት የወሰዱ ነበሩ። ኢንጂነሩ የሚሰጠው መፍትሔ ዋጋ አያስከፍልም፤ ምጣድ ያለባቸው ቀናትና ሰዓቶች በግቢው ይታወቁ፣ በዚያ ሰዓት ኮምፒውተር አይከፈት። ዩፒኤስ ያለው ደግሞ ሌላ ነገር እንዳይሰካበት ያስጠነቅቃል፤ በተለይ ካውያና ሌዘር ፕሪንተር። የዩፒኤስ ባትሪ ትንሽ ነው፤ ሥራው ፋይል አስቀምጦ በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ጊዜ መስጠት ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ፊልሙን ልጨርስ ብሎ እስከ መጨረሻው የሚያሟጥጠው ሰው ባትሪውን ቶሎ ይገድለዋል።

ሌላው መነዘር ነው። የሲፒዩውን ቆርቆሮ የነካ ሰው እጁን ሽው ያደርገዋል፤ ባዶ እግሩን እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ከቆመ ደግሞ ይብሳል። ሰፈሩ "ይህ ዕቃ ክፉ ነው" ይል ነበር። ጥፋቱ ግን የማሽኑ አልነበረም፤ ቤቶቻችን መሬት የገባ ሽቦ አልነበራቸውም። የሲፒዩው ገመድ ሦስት እግር አለው፤ ሦስተኛው እግር ወደ መሬት የሚያሸሽ ነው። እኛ ሦስተኛውን እግር ወደየትም በማያደርስ ዲቫይደር ላይ እንሰካዋለን፤ ያ ትርፍ ኤሌክትሪክ ቆርቆሮው ላይ ይቀራል። ኢንጂነሩ ለአንዱ ግቢ የመዳብ ዘንግ እርጥበት ካለው ቦታ ቀብሮ ከየሶኬቱ የመሬት መስመር ጋር ሲያገናኝ ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ አይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ግቢው ውስጥ የሚነዝር ፍሪጅም አልነበረም።

ከአሜሪካ የመጡት ኮምፒውተሮች የራሳቸው አደጋ ነበራቸው። ከኋላ፣ ገመዱ ከሚገባበት ጎን፣ ትንሽ ቀይ ማብሪያ የምትመስል ነገር አለች፤ 115 እና 230 የሚል ተጽፎባታል። እዚያ አገር የሚጠቀሙት በ115ቱ ነው፤ የእኛ መብራት ግን 220 ነው። ሳያዩ የሰኩት ሰዎች ጧ ሲል ሰምተዋል፤ ፓወር ሰፕላዩ በሰከንድ ይሄዳል። ስለዚህ በሰፈራችን ቦሌ ዘመዱን ሊቀበል የሚሄድ ሰው ሁሉ "ቀዩዋን ሳታዞሩ እንዳትሰኩ" የሚል አደራ ይዞ ይሄድ ጀመር። ክረምት ሲገባ ደግሞ ምክሩ ይለወጣል። ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር የመብራቱን ገመድ ብቻ መንቀል አይበቃም፤ የስልኩንም ሽቦ ከሞደሙ መንቀል ያስፈልጋል። ኢንተርኔት በስልክ መስመር በሚደወልበት በዚያ ጊዜ መብረቅ የገባባቸው ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ የተመቱት በስልኩ በኩል ነው። የግድግዳውን ሶኬት ነቅለው የስልኩን የረሱ ጎረቤቶቻችን ሞደማቸው ጠቁሮ አግኝተውታል።

2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ የሆነበት ዓመት ነው። ያን ጊዜ ሰፈራችን በደንብ የተማረው ነገር ኮንትሮልን ይዞ ኤስን መጫን ነው። የዕድራችን ጸሐፊ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፤ የአባላቱን መዝገብ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጡ አንድ ሙሉ ከሰዓት የጻፉት በአንድ ብልጭታ ጠፋባቸው። ኢንጂነሩ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ "ጋሼ፣ አራት ነጥብ ባደረጉ ቁጥር እነዚህን ሁለቱን ይጫኑ" አላቸው። ወርድ የሚባለው ፕሮግራም በየ10 ደቂቃው በራሱ እንዲያስቀምጥ ተደርጎ ስለሚመጣም፣ አሥሩን ወደ 1 አወረደላቸው። ጋሼ ሁለት ጣታቸውን ወደነዚያ ቁልፎች የሚያወርዱበት ፍጥነት እስከ መጨረሻው አብሯቸው ኖረ። አራት ነጥብ፣ ኮንትሮል ኤስ።

የእሳቸው ሌላው ፈተና ፊደሉ ነበር። የሚጽፉት በፓወር ግዕዝ ነው፤ ቪዥዋል ግዕዝ የሚጠቀሙም ነበሩ። የስብሰባውን ጥሪ በፍሎፒ ይዘው ጽሕፈት ቤት ሄደው ሲያስከፍቱት ግን ወረቀቱ በሙሉ የፈረንጅ ፊደልና ነቁጥ ሆኖ ይወጣል። ፋይሉ ተበላሸ ብለው የደነገጡ ስንቶች ናቸው! ፋይሉ ደህና ነው። የዚያን ጊዜዎቹ ፕሮግራሞች የእኛን ፊደል የሚያኖሩት በላቲን ፊደላቱ ቦታ ላይ ነው፤ ስለዚህ የፊደሉ ቅርጽ የተጫነበት ማሽን ብቻ ነው አማርኛውን የሚያሳየው። ምክሩ ቀላል ነበር፤ ከጽሑፉ ጋር ፎንቱንም አብራችሁ ያዙ፣ የሚከፈትበት ማሽን ላይ የፎንት ማኅደር ውስጥ ገልብጡት፣ ወይም ቤት ሳላችሁ ወደ ፒዲኤፍ ለውጡት።

የእኛ ፊደል በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ኒያላ የተባለው ፎንትም እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር መጣ። ሰፈራችን ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት ኤክስፒ ላይ ስለነበር፣ የአማርኛ ድረ ገጽ የከፈተ ሰው የሚያየው አራት ማዕዘን ሣጥን ብቻ ነበር። ኒያላን በፍላሽ ይዞ ከቤት ቤት የዞረው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። እነዚያ ሣጥኖች አማርኛ ሲሆኑ ያየሁበትን ማታ አልረሳውም። ኪቦርዱን ነክተው የማያውቁ እናቶች ወንበር ስበው ተቀምጠው ዜና እያነበቡ አመሹ።

ፍላሽ ሲመጣ ነገር ተለወጠ። ፍሎፒ የሚይዘው 1.44 ሜጋ ባይት ነው፤ ዘፈን እንኳ በወጉ አይገባበትም። ፍላሽ ግን አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ከካፌ ቤት፣ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ይዞራል፤ ቫይረሱም አብሮ ይዞራል። ኢንተርኔት የሌለው ቤት ቫይረስ አይገባበትም ብለን እናስብ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የገባው ግን በአብዛኛው በፍላሽ ነው። ፍላሹ ውስጥ ኦቶራን የሚባል ትንሽ ፋይል ይቀመጥና፣ ሰውዬው ፍላሹን ደብል ክሊክ ሲያደርግ ከፋይሎቹ በፊት ቫይረሱን ያስነሳል። ስለዚህ ሰፈሩ የተማረው፣ ፍላሽ ሲሰካ ሺፍትን ተጭኖ መያዝ፣ ደብል ክሊክ አለማድረግ፣ በግራ በኩል ካለው ዝርዝር መክፈት ነው። ሌላም ብልሃት ነበር፤ ፍላሹ ውስጥ ኦቶራን የሚል ስም ያለው ባዶ ማኅደር አስቀድሞ መሥራት። በአንድ ስም ሁለት ነገር አንድ ቦታ ስለማይቀመጥ ቫይረሱ የራሱን ፋይል መጻፍ ያቅተዋል። ማይክሮሶፍት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2011 በላከው ማሻሻያ ይህንን በፍላሽ በራስ የመነሳት ነገር አስቀርቶታል፤ ማሻሻያ በማይደርስበት ሰፈር ግን ያቺ ባዶ ማኅደር ከዚያም በኋላ ብዙ ቤት አድናለች።

ፋይሎችን ሰውሮ በምትካቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠውም ቫይረስ መጣ። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸው ጠፋ ብለው ያለቅሱ ነበር። አልጠፋም፤ ተደብቆ ነው። ኢንጂነሩ ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ አትሪብ የምትባለውን ትእዛዝ ሲጽፍ ፋይሎቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ትእዛዟን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሞኒተሩ ላይ ይለጥፍላቸዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ራሳቸው ይሥሩት ብሎ ነው። ያ ወረቀት በስንት ቤት ሞኒተር ላይ ተለጥፎ አይቻለሁ!

እኔ በእጄ የሠራሁት የመጀመሪያው ጥገና የራም ነው። ሲፒዩው በርቶ ምስል ሳያሳይ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ራሙ ነው፤ ከአቧራና ከእርጥበት የተነሣ ጥርሶቹ ይቆሽሻሉ። ኢንጂነሩ ገመዱን ከግድግዳው አስነቀለኝ። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኜ እንድቆይ ነገረኝ፤ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲያልቅ። የጎኑን ክዳን ከፈትን። "መጀመሪያ ቆርቆሮውን ንኪ" አለ፤ ሰውነት ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ወደዚያ እንዲወርድ። ራሙን በሁለት ጫፉ የያዙትን ነጫጭ መቆንጠጫዎች ወደ ውጭ ስንገፋቸው ብድግ አለ። ጋዜጣ ላይ አስተኝቼ፣ ወርቅማ ጥርሶቹን በነጭ ላጲስ በአንድ አቅጣጫ አሸሁ፤ ላጲሱ ጠቆረ፣ ጥርሶቹ አበሩ። ፍርፋሪውን በንጹሕ ብሩሽ ጠረግን፤ በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ይረጫል ብሎ ከለከለኝ። መቆንጠጫዎቹ ራሳቸው ቀጭ ብለው እስኪዘጉ ድረስ ራሙን መልሼ ተጫንኩት። ሲበራ አንድ ጊዜ ብቻ ጢጥ አለና ምስሉ መጣ። ያን ቀን ማታ እቤት ለሁሉም ነገርኩ።

ከዚሁ ክዳን ሥር ሌላም ትንሽ ነገር አለች፤ 2032 የሚል ቁጥር ያላት ክብ ባለ 3 ቮልት ባትሪ። ሥራዋ መብራት በሌለበት ሰዓቱንና ቀኑን መያዝ ነው። ስታልቅ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ወደ ድሮ ቀን ይመለሳል። ሚሊኒየሙን ባከበርንበት ዓመት የአንድ ጎረቤታችን ማሽን 2000 ዓመተ ምሕረትን በራሱ አውቆ ይቆጥራል ተብሎ ብዙ ሰው ደስ ብሎት ነበር፤ ማሽኑ ግን የቆመው በፈረንጆቹ 2000 ጃንዋሪ ላይ ነው። ቀኑ ሲሳሳት አንቲቫይረሱ ይዛባል፤ የባንክና የኢሜይል ገጾችም አንከፈትም ይላሉ። ባትሪዋ በጥቂት ብር ከሰዓት ሠሪ ትገኛለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ያ ዘመን የፎርማት ዘመን ነበር። ኮምፒውተር ዘገየ፣ ፎርማት ይደረግ። ቫይረስ ገባ፣ ፎርማት። ለጥገና ቤቱ ቀላል ነው፤ በአንድ ሰዓት ንጹሕ ዊንዶውስ ጭኖ ያስረክባል። ውስጡ የነበረው ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከእኛ ግቢ ፊት ለፊት የሚኖሩ እናት ልጃቸው ቤይሩት ነበረች። ፎቶዎቿን በኢሜይል ትልካለች፤ ታናሽ ወንድሟ ካፌ ሄዶ በፍላሽ ያመጣና ዴስክቶፑ ላይ ያስቀምጣል። እናትየው ማንበብ አይችሉም፤ ማውሱን ይዘው ያንን ማኅደር መክፈትን ግን ለምደዋል። ማሽኑ ዘገየባቸውና አንድ ጥገና ቤት ተወሰደ፤ ሲመለስ ፈጣን ነው፣ ባዶ ነው።

ኢንጂነሩ ሲጠራ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ገመዱን መንቀል ነው። "ማንም እንዳይከፍተው፤ ዘፈንም እንዳይጫንበት።" ከዚያ አስረዳን። እንዲህ ባለው ችኩል ፎርማት ቤቱ አይፈርስም፤ የበር ቁጥሩ ነው የሚፋቀው። ፎቶዎቹ ዲስኩ ላይ አሉ፤ ያሉበትን የሚያውቅ ዝርዝር ነው የጠፋው። ሌላ ነገር በተጫነ ቁጥር ግን በእነሱ ቦታ ላይ ይጻፋል። ዲስኩን ፈትቶ ሌላ ማሽን ላይ አስገባው፤ የጠፋ ፋይል በሚፈልግ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ ሲያስቆፍረው አደረ። ዊንዶውሱ በላያቸው የተጻፈባቸው አልተገኙም። የተገኙትም ሁሉ ሙሉ አልነበሩም፤ አንዳንዱ ፎቶ ከላይ የልጅቷ ፊት አለ፣ ከአንገት በታች ግራጫ ነው። እናትየው ግማሾቹንም ቢሆን አትመህ ስጠኝ አሉት። አሳተመላቸው።

ከዚያ በኋላ ነው "ዲ ላይ አስቀምጡት" የሰፈሩ ቃል የሆነው። ሃርድ ዲስኩ ለሁለት ይከፈላል፤ ሲ ዊንዶውሱ የሚኖርበት ነው፣ ዲ የቤቱ ሰው የራሱ። ዴስክቶፕና ማይ ዶክመንትስ ዓይን ፊት ስላሉ የተለዩ ይመስላሉ እንጂ ሲ ላይ ናቸው፤ ፎርማት ሲደረግ አብረው ይሄዳሉ። ኢንጂነሩ የየቤቱን ፎቶ፣ የዕድሩን መዝገብ፣ የሠርጉን ቪዲዮ ወደ ዲ አሻገረ፤ ዴስክቶፑ ላይ አጭር መንገዱን ብቻ ተወ። ግን ዲም ሲም ያሉት አንድ ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስኩ ራሱ ሲሞት ሁለቱም ይሞታሉ። ሲፒዩው ውስጥ የሚንኳኳ ድምፅ ከተሰማ ሌላ ሥራ ሁሉ ትቶ መገልበጥ ነው። ስለዚህ ሌላ ቅጂ በዲቪዲ ወይም በፍላሽ፣ እሱም ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ሳይሆን ዘመድ ቤት።

ዛሬ ሰፈሩ ተበትኗል። ከፊሉ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ወጣ፤ ከፊሉ በልማት ተነሣ። ፎቶው ሁሉ ስልክ ላይ ነው፤ ስልክ የጠፋበት ሰው ሐዘኑ የዚያች እናት ሐዘን ነው። የሚያሳስበኝ ግን እነዚያ አሮጌ ሲፒዩዎች ናቸው። ብዙ ቤት ጓዳ ውስጥ፣ ከአሮጌ ፍራሽ ሥር፣ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው አሉ፤ ቤት ሲለቀቅ ለቁራሌው በኪሎ ይሰጣሉ። እባካችሁ፣ ከመስጠታችሁ በፊት ሃርድ ዲስኩን አውጡ። የጎኑ ክዳን በሁለት ብሎን፣ ዲስኩ በአራት ብሎን ነው የተያዘው። ሰፊ ጠፍጣፋ ገመድ ከገባበት አሮጌው ዓይነት ነው፣ ቀጭን ከሆነ አዲሱ፤ ሁለቱንም ከዩኤስቢ ጋር የሚያገናኝ አዳፕተር ይሸጣል። ሲሰካ ዲን ብቻ ሳይሆን ሲ ላይ ያለውን ዶክመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ የሚለውን ማኅደርም ፈትሹ፤ የፎንት ማኅደሩንም አብራችሁ ገልብጡ፣ ያለሱ የቆየው አማርኛ አይነበብም።

አምና የዕድራችን ጸሐፊ ልጅ የአባቷን ዲስክ ይዛልኝ መጣች። ጋሼ አርፈዋል። ዲው ላይ "ዕድር" የሚል ማኅደር አገኘን፤ ስንከፍተው የፈረንጅ ፊደልና ነቁጥ ነው። ፎንቱን ከዚያው ዲስክ አውጥተን ጫንን። የአባላቱ ስም፣ የወር መዋጮው፣ ማን ድንኳን እንደወሰደና መቼ እንደመለሰ፣ የሟቾች ቀን፣ ሁሉም ወጣ። አሁን አንዱ ቅጂ ልጃቸው ዘንድ ነው፣ አንዱ እኔ ዘንድ፤ ሦስተኛውን ወደ ዩኒኮድ ለውጠን፣ በወረቀትም አትመን ለአዲሱ ጸሐፊ ሰጥተናቸዋል።